ባለአምስት ኮከቧ በቅሎ

መልእክቱ የመጣው በእንግሊዝኛ ነበር፤ ያውም ይቅርታና ምስጋና በተቀባባ እንግሊዝኛ። የድረ ገጽ መሥሪያውን በነጻ ይሰጥ የነበረው ድርጅት ከወሩ መጨረሻ በኋላ መሣሪያውን እንደማይደግፍ፣ ገጾቹም እንደሚዘጉ ገልጾ፣ «አብራችሁን ስለቆያችሁ እናመሰግናለን» ብሎ ዘግቶታል።

«ጥሎ እየሄደ ነው የሚያመሰግነው» አለች እታገኘሁ፣ ለላፕቶፑ።

በዚያ መሣሪያ ላይ ያረፈው የጃናሞራ በቅሎ አከራዮች ማኅበር ገጽ ነው። ገጹ ለዓይን የሚስብ ነገር አልነበረውም። አንድ የተራራ ፎቶ፣ ከሥሩ ስም፣ ቀንና የበቅሎ ብዛት የሚሞላበት ቦታ፣ በቃ። ግን ይሠራል። ተራራ ሊወጣ ያሰበ እንግዳ ይሞላል፤ መልእክቱ መካነ ብርሃን ላለው ተራ አስከባሪ ለፋንታሁን ይደርሳል፤ ፋንታሁን ባለተራውን ጠርቶ በቅሎዋን ይልካል። ገጹን አውጥቶ ወደ ሌላ ቤት መውሰድ ግን አይቻልም። ድርጅቱ በሩን ሲሠራ መግቢያውን ብቻ ነው ያሰበው።

እታገኘሁ ይህን ሥራ ያስተማራት ሰው የለም። ጎንደር ውስጥ በተሰነጠቀ ስልክ ተምራ፣ በሰው ላፕቶፕ ተለማምዳ፣ የራሷን እስክትገዛ ደርሳለች። «የት ተማርሽ?» ለሚላት መልሷ አንድ ነው፦ «እናንተ ስትመረቁ እኔ እሠራ ነበር።» የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሀብተሥላሴ ከተመረቁት አንዱ ናቸው። ከተማ ተምረው ከተማ ቀርተዋል፤ ከአባታቸው የወረሷት በቅሎ ግን አሁንም ጃናሞራ ተራ ትጠብቃለች።

አዲስ መሣሪያ ፍለጋው አንገበገባት። አንዱ የውጭ አገር ባንክ ካርድ ካላመጣሽ አላነጋግርሽም አለ። ሌላው የአማርኛውን ፊደል ወደ ባዶ ሣጥን ለወጠው። ሦስተኛው ነጻ ነኝ ብሎ የራሱን ስም ከማኅበሩ ስም በላይ አግዝፎ ጻፈ። ቀጥሎ ያገኘችው እጅግ ቀላል፣ አንድ ገጽ ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ነበር፤ «የሰነፍ» ብላ አለፈችው። መጨረሻ ላይ ያማረውን አገኘች። እያንዳንዷ በቅሎ ከነፎቶዋ፣ ከነባለቤቷ ስም፣ እንግዶች በሚሰጧት ኮከብ ተደርድራ የምትታይበት ነው።

«ዘመናዊ ማለት ይኸ ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። እሷም ወደደችው። ፋንታሁን በስልክ የላከላትን ፎቶ ሁሉ አጸዳች፣ ጉድፉን ፋቀች፣ ሰማዩን አሳመረች፤ ከዚያ ለአባላቱ ሊንኩን ላከችና ስብሰባ ተጠራ።

የተሰበሰቡት ለጎንደሩም ለጃናሞራውም ይመቻል ተብሎ አምባ ጊዮርጊስ፣ አንድ ሻይ ቤት ነው። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ።

«የኔዋ ምነው ከታች ሆነች?» አለች ትርንጎ። ባሏ ከሞተ ወዲህ በአንዲት ግራጫ በቅሎ የምትኖር ሴት ናት፤ የበቅሎዋ ግራ ዓይን ሞራ ለብሷል።

«ኮከብ ስላላገኘች ነው፣ እትዬ ትርንጎ። እንግዶች በወደዷት ቁጥር ወደ ላይ ትወጣለች።»

«የአያ ምንዳዬዋን ታዲያ ማን ወደዳት? ገጹ ገና አልተከፈተ።»

አያ ምንዳዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በቅሏቸው አምስት ኮከብ ጭና ከሁሉ በላይ ቆማለች። «ጎንደር ያሉ የእህቴ ልጆች ናቸው። ሊንኩን ልኬላቸው ወደዷት እንግዲህ። ሸጋ በቅሎ ናት።»

«ባለፈው ፈረንጅ የጣለችው እሷ አይደለችም?» አለ ፋንታሁን።

«እሱ ነው የወደቀው። እሷ ቆማ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ስብሰባ የሚባል ነገር ቀረ። የእህት ልጅ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣ። እታገኘሁ በዓይኗ እያየች አንዲት ሰንካላ በቅሎ ሦስት ኮከብ አገኘች።

«ውድድር ጥራትን ያመጣል» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

ትርንጎ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በፎቶ የሚመርጥ እንግዳ ዓይኗን ነው የሚያይ። ገደል ላይ እግሯን እንዴት እንደምታሳርፍ በምን ያያል? እኔ ከተራዬ ሌላ የለኝም። ተራው ከቀረ በቅሎዋን ሸጬ ልቀመጥ ነው፤ ያንኑ ንገሩኝ።»

እታገኘሁ ኮከቡን ላጥፋ ብላ ወደ መሣሪያው ሆድ ገባች። መሣሪያው ኮከብ አይጠፋም አለ፤ ከፈለግሽ ግን በዋጋ ልደርድር፣ ወይ በፊደል።

«በፊደል ይሁን» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ ፈጠን ብለው።

«ሀ መጀመሪያ ስለሆነ ነው ጋሼ?» አለ ፋንታሁን። «እኔ ፋንታሁን የተባልኩት ሰውዬ እንግዲህ እስከ መቼ ልጠብቅ?»

ሳቁ ሻይ ቤቱን ሞላው። እታገኘሁ አልሳቀችም። ያን ሁሉ ቁልፍ ስትነካካ ተራ የሚል አንድም አላገኘችም። ይህን የሠሩት ሰዎች በሕይወታቸው ተሰልፈው አያውቁም መሰለኝ ብላ ተናደደች። በምንዳዬ ተናደደች፣ በሊቀመንበሩ ተናደደች፤ ከሁሉ የባሰው ግን ሰማይ ስታሳምር ተራውን የረሳችው ራሷ መሆኗ ነው።

«ይኸ ገጽ መካነ ብርሃን ላይ ይከፍትልሃል?» አለችው ፋንታሁንን።

«ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይተኛል። እኔም አብሬው እተኛለሁ።»

«እንግዲያው ስሙኝ» አለች። «ፎቶ አይኖርም። የማንም ስም አይኖርም። በቅሎ፣ ቀን፣ ብዛት፣ አለቀ። ማን እንደሚሄድ ፋንታሁን ያውቃል። ይህን የሚሠራ ቀላል መሣሪያ አለ፤ አማርኛችንን አይበላም፣ ደካማ ኔትወርክ አያስቸግረውም። ነገ እሱም አልደግፍም ቢል ገጻችንን ይዘን እንወጣለን።»

«ይኸ ድረ ገጽ ነው ወይስ የማስታወቂያ ሰሌዳ?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ሰሌዳ ነው፣ ጋሼ። ሰሌዳ የእህት ልጅ የለውም።»

እጅ ወጣ። አያ ምንዳዬ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳሳረፉ ወደ ፋንታሁን ዞሩ። «ተራው ማን ላይ ነው ያለ?»

«እትዬ ትርንጎ ናት። ቀጥሎ እርስዎ።»

እጃቸውን አወጡ። አቶ ሀብተሥላሴ ብቻቸውን ሲቀሩ ተቃውሟቸው እንዲመዘገብ ጠየቁ፤ የሚመዘግብ ስላልነበረ ሻይ አዘዙ።

ሰው መበተን ሲጀምር እታገኘሁ ያማረውን ገጽ ልትደመስስ ላፕቶፑን ከፈተች። ትርንጎ አጠገቧ ተቀምጣ አውቶቡስ ትጠብቃለች። መሣሪያው ሳይጠይቅ አልሰናበትም አለ፤ ለምን ተውሽን? ተወደደብኝ፣ የተሻለ አገኘሁ፣ ለመጠቀም ከበደኝ፣ ሌላ። እታገኘሁ «ሌላ»ን ነክታ በአማርኛ አንድ አንቀጽ ስድብ ጻፈችለት። ይህን ፊደል አልቀበልም አላት። የተወደደ ነገር የለም፤ የተሻለ ነው ብላ ለዚያ ሰሌዳ ምስክር መሆን ደግሞ አልሆነላትም። የቀረው አንድ ነው። ጣቷ ጥቂት ቆየና «ለመጠቀም ከበደኝ» የሚለውን ነካች።

ገጹ ጠፋ። ወዲያው ሌላ መልእክት ብቅ አለ።

«ምን ይልሻል?» አለች ትርንጎ።

«ለጀማሪ የሚሆን ትምህርት ልላክልሽ ይላል።»

«ተይው፣ አያውቅሽም» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አውቶቡሱ ተነሣች።