ጎሚስታው ያቀለጠው እርሳስ

ጎሚስታው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ለራሱ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በጀልባ ወጥቶ ዓሣ ማጥመድ። ታዲያ እሷንም ሊነጥቁት ሆነ!

ዓሣው የሚገኘው ወንዙ ጠበብ ብሎ በሚጋልብበት ቦታ ነው። እዚያ ደግሞ መንጠቆውን ወደ ታች የሚይዘው እርሳስ ካልቆመ እየተንከባለለ ሄዶ የጎረቤትን ክር ይጠልፋል። የሁሉም አልፎ አልፎ ይንከባለላል። የጎሚስታው ግን ከሁሉም የባሰ ድቡልቡል ነገር ነውና ባለፈው ቅዳሜ የአምስቱንም ክር አንድ ላይ ተብትቦት አረፈ።

ባለጀልባው ቱግ አለ። «ስማ ጎሚስታው፣ በቃኝ! በሚቀጥለው ቅዳሜ ክርህ የአንዳችንን ክር ቢነካ፣ ቦታህን ለልጄ ባል እሰጣለሁ!»

የቀሩት አራቱ አንገታቸውን ደፍተው ውሃ ውሃውን አዩ። አንድ እንኳን «ኧረ ተው» የሚል ጠፋ። ጎሚስታው ቅስሙ ተሰብሮ ቤቱ ገባ።

«ምነው፣ ፊትህ እንደ ተነፈሰ ጎማ ረገበሳ?» አለችው ሚስቱ። ነገራት። «ወይ ጉድ! አርባ ዓመት ከብረት ጋር የታገልክ ሰውዬ አንዲት እርሳስ ታቅትህ?»

እውነቷን ነው፣ እርሳሷ የት አባቷ ታመልጠዋለች! ሰኞ ማለዳ ወደ ድሮ ሥራ ቦታው ሄደ። መኪና እንዳይንቀጠቀጥ የጎማው ቸርኬ ጠርዝ ላይ የሚመታው እርሳስ፣ አርጅቶ ሲነቀል ጥግ ላይ ይጣላል። እሱን በጣሳ ሙሉ ለቀመ። ከተቀደደ ጎማ ጠርዝም ጠንካራ ሽቦ መዘዘ። ያሰበው ቀላል ነው። እርሳሱ አራት የሽቦ እግር ካለው የወንዙን ወለል ቆንጥጦ ይቆማል። ጠበቅ አድርገው ሲስቡት ደግሞ እግሮቹ ተቃንተው ይለቃሉ። አምሳያውን ከእንጨት ጠርቦ በጀሶ ቅርጽ ማውጫ ሠራና ፀሐይ ላይ አሰጣው።

ሐሙስ ዕለት ጓሮ ወጣ፤ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ እሳት አነደደ፤ እርሳሱንም በድስት ጣደ።

«ድስቴን!» ጮኸች ሚስቱ ከመስኮቱ።

«አሮጌዋን እኮ ነው!»

«እንግዲህ የራስህ ናት፤ ከዛሬ ወዲያ ምግብ አይነካትም!»

እርሳሱ ቀለጠ። ሳይቀልጡ ከላይ የተንሳፈፉትን የመያዣ ብረቶች በረጅም ማንኪያ ገፈፈ። ከዚያ ጀሶው የተሰነጠቀ እንደሆነ ብሎ ሰጋ። አርባ ዓመት የለመደ እጁ ደግሞ ጌታውን ፈቃድ አልጠየቀም። ጀሶውን አንስቶ እንደ ተበሳ ጎማ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው! ዓይኑም አረፋ ፈለገ። አረፋ ሲያጣ ደስ አለው፤ «አይተነፍስም» ብሎ እርሳሱን ገለበጠበት።

ጧ! እርሳሱ ርጥቡን ጀሶ ሲነካ ተስፈንጥሮ አጥሩን ለቀለቀው። አንዷ ጠብታ ባርኔጣውን በስታ ወጣች። ሚስቱ በሩጫ ደረሰች፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ሙሉ መሆናቸውን ስታይ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎማ መሰለህ?»

ሌላ ጀሶ በጠበጡ። ይሄኛውን ምድጃ ዳር ያደረቀችው ራሷ ናት፤ ባልዲውንም ደበቀችው። አርብ ከሰዓት በኋላ ስድስት እርሳሶች ባለአራት እግር ሆነው ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። ጎሚስታው እያነሳ እያስቀመጠ ልጅ እንደወለደ ሰው ፈዘዘ።

ቅዳሜ ጠባቡ ቦታ ላይ መልሕቅ ጣሉ። ወንዙ እንደ ልማዱ ይጋልባል። ጎሚስታው አዲሱን እርሳሱን ለቀቀው። ክሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ነካ፣ ቀጥ አለ። አልተነቃነቀም! ጥቂት ቆይቶ አንድ ክር እየተንሸራተተ መጥቶ ሁለት ክሮች ላይ ተጠመጠመ።

«ጎሚስታው!» ብሎ አንባረቀ ባለጀልባው፤ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ጎተተ። ከውሃው የወጣው የራሱ የባለጀልባው ድቡልቡል እርሳስ ነበር።

ልክ በዚያች ቅጽበት የጎሚስታው ዘንግ ጎበጠ። ለሁለት ተጋግዘው ክንድ የሚያህል ዓሣ አወጡ። እሰይ!

«እስቲ ያቺን ነገር አሳየኝ» አለ ባለጀልባው ድምፁ ሰልሎ።

ጎሚስታው ኪሱን በእጁ ሸፈነ። «መጀመሪያ ቦታዬን ንገረኝ።»

«ቦታህማ ቦታህ ነው! የልጄ ባል ዳር ቆሞ ያጥምድ!»

ይኼኔ አምስቱን እርሳሶች አውጥቶ አደላቸው። የአንዱንም ድርሻ አላስቀረም።

አመሻሽ ላይ ዓሣውን ተሸክሞ ገና ከበሩ «የት አለሽ?» እያለ ገባ። ሚስቱ ዓሣውን አየች፣ ፊቱን አየች፤ ደስታዋን መያዝ አቃታትና ባልዲውን ከደበቀችበት አወጣች።

«በል አምጣው፣ ነክሬ ልየው» አለችው። «የሚተነፍስ እንደሆነ ሳንለጥፍ አንበላውም።»