ካፖርቱ ላይ የቀረበ ተቃውሞ

ፕሮፌሰሯ ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበት ነገር ባጭሩ ይነገር ከተባለ እንዲህ ነው፤ ሰው አንድን ነገር ማወቁ ሌላ፣ ያንኑ ነገር መረዳቱ ሌላ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ከስብሰባ ስብሰባ የተንከራተተችው፣ መነጽሯ በየጊዜው እየወፈረ የሄደው። በወጣትነቷ ዕውቀት ላይ ጻፈች። ጎልመስ ስትል መረዳት ላይ። አሁን ጡረታዋ ደጅ ላይ ሲቆም ደግሞ ጥበብ ላይ መጻፍ ጀምራለች። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት፣ "ጥበብን ለጡረታ ብለው ነው ያቆዩት?" ብላት ነበር። "ቀድሜ ብጀምረው ኖሮ ሌላውን ሁሉ እተወው ነበራ" አለቻት።

ተማሪዎቿ እሷ በሌለችበት "እትዬ ምን ማለትህ ነው" ይሏታል። አፉን የከፈተውን ሁሉ "ምን ማለትህ ነው?" ብላ ስለምታፋጥጥ ነው። ሰላምታ እንኳ አይተርፍም። አንዱ ኮሪደር ላይ "ደህና ነዎት?" ቢላት ቆም ብላ አሰበችና "በምን በኩል?" አለችው ይባላል። ልጁ ዛሬ እሱም መምህር ነው፤ ወሬውን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረበት ያወራዋል።

በዚያ ሳምንት ግን ማንንም አላፋጠጠችም። ጸሐፊዋ ሻይ ይዛ ስትገባ ፕሮፌሰሯ በመስኮት አሻግራ እያየች ነው፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ልትወስደው ስትመለስም እዚያው ናት። ምክንያቱን ጸሐፊዋ ታውቃለች፤ የመጋበዣ ደብዳቤውን የተየበችው እሷ ናትና። ለፕሮፌሰሯ የስንብት ንግግር አስተያየት ሰጪ ሆኖ የሚመጣው ረጅሙ ነው።

ረጅሙ፣ በቁመቱ እንዲህ የሚሉት፣ የጥንት ባልደረባዋ ነው። ሁለቱም ጀማሪ መምህራን ሳሉ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛቸውን ፊት ለፊት ገጥመው ይሠሩ ነበር። አሠራራቸው ለሌላ ሰው ጥል ይመስላል። አንዱ ሐሳቡን ይናገራል፤ ሌላው ይቃወማል፤ ተናጋሪው ተነስቶ እየተንጎራደደ ተቃውሞውን ያፈርሳል። እንዲህ ሲሉ ይመሻል። ረጅሙ ጽሑፏን አንብቦ ብዙ ከተቃወመ ያን ቀን ደስ ብሏት ትገባለች። ዝም ካለ ግን አለቀላት፤ ጽሑፉ አይረባም ማለት ነው፣ ተነስታ ትቀደዋለች። ሌላው ሰው በአበባና በሲኒማ የሚነጋገረውን እነሱ በተቃውሞ ነበር የሚነጋገሩት። ምን ይደረግ፣ እንደዚህ ተፈጠሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ረጅሙ ወንበሩን ወደሷ አስጠግቶ ተቀመጠና፣ ሩቅ አገር፣ ብርዷ አጥንት የሚሰብር ከተማ ውስጥ ሥራ እንዳገኘ ነገራት። ቀጠለና "ተጋብተን አብረን ብንሄድስ?" አላት።

ማንም ሴት ብትሆን ወይ እሺ ትላለች ወይ እምቢ ትላለች ወይም ላስብበት ትላለች። እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ሁለት ተቃውሞ አለኝ።"

አንደኛው እናቷ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናትና ልጅ ሁለቱ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ እናቷን ለማን ጥላ ትሄዳለች? ሁለተኛው የጀመረችው ጥናት ነው፤ ገና ግማሽ ላይ ነው። ይህን ተናግራ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። እንደ ወትሮው ብድግ ብሎ እየተንጎራደደ እስኪያፈርስላት ነበር የምትጠብቀው። የተናገረችውም እንዲያፈርስላት ነው።

ረጅሙ ግን አልተነሳም። ጠረጴዛውን አየ፣ እሷን አየ። "ልክ ነሽ" አለ። "ለመጀመሪያው የምሰጥሽ መልስ የለኝም።" እና ያ የትምህርት ዘመን ሲያልቅ ብቻውን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ፈላጊ አጥታ አይደለም ሳታገባ የቀረችው። ሰው ይመጣል፣ ደግ ሰው፣ የምትናገረው ሁሉ የሚጥመው፤ "ልክ ነሽ" ይላታል፣ ያን ጊዜ ልቧ ይዘጋል። ስትጽፍ ግን የምትጽፈው ለረጅሙ ነበር። አንድ ገጽ ጨርሳ ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ያለውን ባዶ ጠረጴዛ ታያለች፤ እዚህ ጋ ምን ይለኝ ነበር ብላ ታስባለች፣ ያለውንም ታፈርሳለች። መጽሐፎቿ ያን ያህል የተመሰገኑት ለዚህ ይሆናል። ናፈቃት፤ ሌላ የሚያምር ቃል ፍለጋ አያስፈልግም፣ ናፈቃት። ሰውን ሁሉ ምን ማለትህ ነው እያለች የኖረች ሴት እሱን ለምን አልተከራከርከኝም ብላ ሳትጠይቀው አረጀች። አሁን ሊመጣ ነው። ንግግሩም ሽኝቱም ጉዳይዋ አልነበረም፤ እሱን መጠየቅ ብቻ ነበር የፈለገችው።

ስለ ካፖርቱ ደግሞ መናገር አለብኝ፤ እሷን ስመ ጥር ያደረጋት እሱ ነውና። እናቷ ከዓመታት በፊት አንድ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ገዝታ ነበር። በዚህ ከተማ፣ ሰው በሸሚዝ በሚያልብበት ከተማ። ገዛችው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችው፣ ልጇ ፊት አንዴ ከሞከረችው በቀር ለብሳው ሳትወጣ ሞተች። ልጅቷ "እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ስትላት "ካፖርት ነዋ" ትላለች። "ለምን ገዛሽው?" ስትላት "ይቀመጥ፣ ምን አስቸገረሽ?" ትላለች።

ፕሮፌሰሯ መረዳት ላይ ስትጽፍ ይህን ካፖርት በምሳሌነት አመጣችው። ቀለሙን፣ የቁልፎቹን ዓይነት፣ የተሠራበትን ሱፍ፣ በእናቷ ትከሻ ላይ መስፋቱን ሳይቀር ዘረዘረችና፣ "ስለዚህ ካፖርት የሚታወቀው ሁሉ ታውቋል፤ ከዚያ አልፎ የምንረዳው ነገር ግን የለውም። የሚታወቁ እንጂ የሚረዷቸው ያልሆኑ ነገሮች አሉ" ብላ ደመደመች። ምሳሌው ተወደደላት። የካፖርቱ ምሳሌ እየተባለ በየአገሩ ይማሩታል። ያኔ ገጹን ለእናቷ ስታነብላት እናቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጠራርጋ "ይሁና፣ የኔ ፈላስፋ" አለቻት።

የንግግሩ ቀን አዳራሹ ሞላ። ረጅሙ ገባ። አጥሯል እኮ፤ ወገቡ ጎብጦ፣ ጸጉሩ ጥጥ መስሎ፣ መነጽሩን በክር አንጠልጥሎ። እዚያው አገር አግብቶ፣ ወልዶ ከብዶ፣ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ሚስቱ ታማበት ስለነበር በማግስቱ ጠዋት ተመላሽ ነው። ከበሩ ላይ ሆኖ ዓይኑን እያንከራተተ ሲፈልጋትና ሲያገኛት አየችው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ንግግሯን በቃሏ አደረገችው።

በዚያ የትምህርት ክፍል አንድ የቆየ ሥርዓት አለ። አስተያየት ሰጪው ከመቃወሙ በፊት የተናጋሪውን ሐሳብ በራሱ አነጋገር መልሶ ያቀርባል፤ ተናጋሪው "አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" ካላለ መቃወም አይፈቀድለትም። ፕሮፌሰሯ እንደሆነች በአንድ ጊዜ አዎ ብላ አታውቅም። አስተያየት ሰጪዎችን ላብ በላብ ስታደርግ ነው የኖረችው።

ረጅሙ ተነስቶ ሐሳቧን ቀስ እያለ አቀረበ። መጨረሻ ላይ ካፖርቱ ጋ ደረሰ። "እንግዲህ ፕሮፌሰሯ የሚሉት፣ እናታቸው ስለገዙት ካፖርት የሚታወቀውን ሁሉ ያውቃሉ፤ የሚቀር የሚረዱት ነገርም የለም። ይሄን ነው ያሉት?"

"አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" አለች። በአንድ ጊዜ አዎ ስትል አዳራሹ ሳቀ።

ረጅሙ አልሳቀም። "ሌላው ላይ ያለኝ ተቃውሞ ጥቃቅን ነው፣ በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ካፖርቱ ላይ ግን ከባድ ተቃውሞ አለኝ። እሱን ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ክርክር ሊያይ የመጣ ሰው በቃ ሲባል ደስ አይለውም።

ከሽኝቱ ሾልከው ወደ ድሮዋ ክፍል ሄዱ። እሱ በራሱ ጠረጴዛ፣ እሷ በራሷ ተቀመጡ። ካፖርቱን ረስታዋለች፤ የቸኮለችው ለሌላ ነው።

"ያን ቀን ለምን አልተከራከርከኝም?" አለችው።

"አንቺን ረትቼ ሚስት ላደርግሽ?" አለ። "በክርክር የመጣች በክርክር ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። ወደሽ እንድትመጪ ነበር የፈለግኩት።"

"እኔ እኮ እንድትረታኝ ነበር የፈለግኩት።"

"ይሄው ዛሬ ነገርሽኝ።" ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም።

"ደግሞስ ብትከራከርስ ምን ትል ነበር? መልስ የለኝም አላልክም?"

"የምሰጥሽ መልስ የለኝም ነው ያልኩሽ። መልሱማ ነበረኝ፤ ልሰጥሽ አልተፈቀደልኝም እንጂ።" መነጽሩን አወለቀ። "አንቺን ከመጠየቄ በፊት እማማን ጠይቄያቸው ነበር። አብረውን እንዲሄዱ።"

ፕሮፌሰሯ ምን ማለትህ ነው አላለችም።

"እሺ አሉኝ። ደስ እያላቸው ነው እሺ ያሉኝ። ግን አስማሉኝ፤ 'እንዳትነግራት። እኔ እንደምሄድ ከሰማች ሁሉ ነገር ስለተመቻቸ ነው የምትሄደው። መጀመሪያ ራሷ ወዳ እሺ ትበል፤ እሺ ያለች ቀን እኔው እነግራታለሁ' አሉኝ። ከዚያ ወጥተን ካፖርቱን ገዛን።"

"አብራችሁ?"

"አብረን። ከሱቅ ሱቅ ሲያዞሩኝ ዋሉ።"

ውጭ ተማሪዎች እየተሳሳቁ ሲያልፉ ይሰማል። "ከሄድክ በኋላስ? ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቤት እየኖርን ለምን አልነገረችኝም?"

"ምን ብለው ይንገሩሽ? ተቃውሞሽ ውድቅ ነበር ብለው?"

"አንተስ? መጽሐፉን አንብበሃል።"

"አነበብኩት። ያኔ አግብቼ ነበር፣ እማማም በሕይወት ነበሩ፣ ቃሌም ቃል ነው።" ተነሳ፤ ኮቱን ቆለፈ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። "ለብሰሽው ታውቂያለሽ?"

"ካፖርቱን? ምን ብዬ እለብሰዋለሁ? የእሷ ነው እኮ። ለእሷ እንኳ ይሰፋት ነበር።"

ረጅሙ አያት። የሚለው ያለ መሰላት። ጉንጯን ሳም አድርጎ "ደህና ሁኚልኝ" አለና ወደሚጠብቀው ታክሲ ወረደ። በመስኮት ሆና ታክሲው በግቢው በር እስኪወጣ አየችው።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ወበቁ ለጉድ ነው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የእናቷን ቁም ሳጥን ከፈተች። ካፖርቱ እንደ ነበረ ተሰቅሏል። ስንት ጊዜ በብሩሽ ጠርጋዋለች፣ ብል እንዳይበላው ስንት ጊዜ አናፍሳዋለች። አወጣችና አንድ እጇን ሰደደች፣ ቀጥሎ ሌላውን።

ትከሻው ልክ መጣ። እጅጌው አንጓዋ ላይ ቆመ። ቁልፎቹን ከላይ እስከ ታች ቆለፈቻቸው፤ አንድም ቦታ አልጠበባት፣ አንድም ቦታ አልሰፋት።

በእናቷ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ላቧ በጀርባዋ ይወርዳል። "ለእኔ ነበር እንዴ፣ እማዬ?" አለች። እስኪጨልም አላወለቀችውም።