ፋጡ ሰሙን የተፋች ዕለት

ፋጡ ዋግምት በማገም የታወቀች ናት፤ ከጢቾ ድረስ በበቅሎ ይመጡባታል። ሰም አፏ ከከተተች ደግሞ ነገር አለቀ! ቀንዱን በአፏ መጥጣ፣ ቀዳዳውን በሰሙ ደፍና፣ ደሙ ወርዶ እስኪያልቅ ማንም ቢመጣ አትናገርም።

ያን ቀን ያስጠሯት ግራዝማች ሣህሌ ነበሩ። ከአሰላ ዳርቻ ያለው መሬት ግማሹ የሳቸው ነው፤ የፋጡም ጎጆ የቆመችው እዚያው ላይ። ልጃቸው ተናኘወርቅ ራሷን እያመማት፣ እያዞራት መቆም አቅቷታል። ሠርጓ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

«በይ ቶሎ እገሚያትና ትነሳ» አሉ ግራዝማች።

ፋጡ ሰሙን እያላመጠች የልጅቱን ጀርባ ገለጠች። ምላጩን ከማንሳቷ በፊት እንደ ልማዷ የልጅቱን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየች። ነጭ! ምላሷን አስወጣቻት፤ እሱም ነጭ። ኧረ ይቺ ልጅ ምን ደም አላትና ነው የሚፈሰው!

ሰሙን እንትፍ አለችው። ግራዝማች ክው አሉ፤ ፋጡ ሥራዋን ሳትጨርስ ሰም ስትተፋ ያየ የለማ።

«አላግማትም። ደም የላትም፤ ሐኪም ቤት ይውሰዷት።»

«እኔን ልታዢኝ? አንሺና መልሰሽ ጉረሺው!»

«አልጎርስም።»

«እንግዲያው ነገ ከመሬቴ ትለቂያለሽ!»

ፋጡ ልጆቿን ወልዳ ያሳደገችው እዚያች ጎጆ ውስጥ ነው። ፈርታለች፣ ምን ይደበቃል። ግን ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ።

«ወላሂ፣ ቤቴን ያፍርሱት እንጂ የልጅዎን ደም በእጄ አላፈስም!» ብላ ቀንዶቿን ሰብስባ ወጣች። ከልጅቱ ጎን ሆነው ይህን የሰሙት እናትየዋ ወይዘሮ እታገኘሁ የባላቸውን ቁጣ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ልጃቸውን ይዘው ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሄዱ።

በማግስቱ ፋጡ የግራዝማችን ሰዎች አልጠበቀችም። «የሠራሁትን እኔው አፈርሰዋለሁ» ብላ ከወንድሟ ከከዲሮ ጋር የጎጆዋን ሳር አወረደች፤ ዕቃዋንም አህያ ላይ ጫነች። ሊነሱ ሲሉ የግራዝማች አሽከር ሀይሉ እያለከለከ ደረሰ።

«አዴ ፋጡ! ሐኪሞቹ ሌሊቱን ደም ሲሰጧት አደሩ። ታግማ ቢሆን ኖሮ አትተርፍም ነበር አሉ። ደስ ይበልሽ፣ ግራዝማች ምረውሻል! ቤትሽ ግቢ ብለዋል።»

«እሰይ፣ ልጅቱ ተረፈች!» አለችና ፊቷ በራ። ወዲያው ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ማሩኝ? ምን አጥፍቼ?»

ሀይሉ ከአህያዋ ፊት ዘወር አለ።

«ዲክሲስ፣ ወንድሜ ቤት ነኝ በላቸው» አለች አህያዋን ቸብ እያደረገች። «እዚያ ድረስ ይምጡና ይቅርታ ይጠይቁኝ፤ ያኔ እኔ እምራቸዋለሁ።»