የጥብቅናው ማር

«ኮት የለበሰ ሁሉ ከሸንጎው ይውጣልኝ!» አለ ሰብሳቢው ደርበው።

ከወይራው ሥር ከተሰበሰበው ሰው መሀል ኮት የለበሰው አቶ ተክለ ሚካኤል ብቻ ነበር። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። እሱም ጎንበስ ብሎ ኮቱን አየ። ጥቁር ነው፤ ክርኑ ላይ ነትቧል፤ ነገር ግን ሚስቱ አስቻለች በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ ስለምታሸው ግርማውን አላጣም። ላሊበላ ከተማ ባለው ፍርድ ቤት ይህን ኮት ለብሶ የተሟገተባቸውን ነገሮች ቆጥሮ አይዘልቃቸውም። አንድም ቀን ግን «ውጣ» ተብሎ አያውቅም።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት» አለ።

«ምን ዝም አልክ! አሮጊቷ አንድ ቃል በተናገረች ቁጥር አንተ ከኋላ ታንሾካሹካለህ። እዚህ ድረስ ይሰማል!»

እውነቱን ነው። ለተክለ ሚካኤል ብዙ ነገር ተሰጥቶታል፤ ማንሾካሾክ ግን አልተሰጠውም። ድምፁን የቱንም ያህል ዝቅ ቢያደርገው ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ይሰማዋል። በዚህ ድምፁ ሲኮራ ኖሮ ዛሬ ጉድ ሠራው።

ላሊበላ ውስጥ ከልብስ ሰፊ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ተከራይቶ ጥብቅና የጀመረው ገና በንጉሡ ጊዜ ነው። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ የመሬት ነገር ሁሉ ወደ ገበሬ ማኅበር ስለሄደ ሥራው ቀዝቅዟል፤ ሆኖም የድንበር ጠብ ሲቀር የጋብቻና የውርስ ጠብ አይቀርምና በሩ ላይ ሰው አይጠፋም። ባላገሩ «ይግባኝ ተክሌ» ይለዋል። ተረትቶ ዝም ያለበት ቀን ስለሌለ ነው። አስቻለች «ወጡ አልቋል» ብትለው እንኳ ይግባኝ ይላል እያሉ ያሙታል። እሱ ይህን ስም ይወደዋል፤ የሰደቡት መስሏቸው ሲጠሩት እንኳ ደረቱ ይነፋል።

የዛሬዋ ደንበኛው ወይዘሮ ወለተ ሐና ከገነተ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው የጥድ አፋፍ ቀበሌ ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው በሚሊሻ ዘምቶ ኦጋዴን ላይ ቀረ፤ ሬሳውም አልመጣላቸውም። ከዚያ ወዲህ ማሳቸውን ጋሻዬ የሚባል ጎረምሳ በእኩል ያርስላቸው ነበር። ዘሩ የሳቸው፣ በሬውና ጉልበቱ የሱ፣ ምርቱን ይካፈላሉ። ዘንድሮ በሰኔ መግቢያ ጋሻዬ «መሬት ለአራሹ ነው ተብሏል፤ አራሹ ደግሞ እኔ ነኝ» ብሎ ከሰሳቸው። የሸንጎው ሰብሳቢ ደርበው የጋሻዬ አጎት ነው። ያቺ ማሳ ከሄደች ወለተ ሐና የሚቀራቸው ጎጆና ሁለት የንብ ቀፎ ብቻ ነው።

ቢሮው የመጡ ቀን ተክለ ሚካኤል ነገሩን አልደበቃቸውም። በገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ ጠበቃ አይቆምም፤ ባለ ጉዳዩ ራሱ ነው የሚናገረው። «እርስዎ ይናገራሉ፤ እኔ ከኋላዎ ነኝ» አላቸውና ቃሉን እያስጠና ሰነበተ። ጥብቅናውን በምን እንደሚከፍሉት ሲጨነቁም «አንድ ቅል ነጭ ማር ይበቃኛል፤ የርስዎ ማር እኮ ዝናው እኛ ዘንድ ደርሷል» ብሎ አሳቃቸው። ዛሬ ቅሉን ይዘው መጥተው ከጉልበታቸው አጠገብ አስቀምጠውታል።

ሸንጎ ፊት ሲቆሙ ግን ያጠኑት ሁሉ ጠፋቸው። «በአዋጁ መሠረት...» ብለው ጀመሩ። «በአዋጁ...» አሉ እንደገና። ከዚያ በኋላ ያለው አልመጣ አላቸው። ተክለ ሚካኤል ያንሾካሾከው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ከሸንጎው ወጥቶ በቅሎው ከታሰረችበት ቁጥቋጦ አጠገብ ቆመ። አሮጊቷ ብቻቸውን መሀል ላይ ቀሩ፤ እንደ ጉድ ይታያሉ። የሚናገሩትን እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ማውጣት አይችልም።

«ይናገሩ እንጂ እማማ፣ ሰው እየጠበቀዎት ነው» አሉ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሽማግሌው ውባንተ፣ በለሰለሰ አነጋገር።

«ልቤ ውስጥ ያለው ሁሉ አፌ ላይ ሲደርስ ይጠፋኛል፤ ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ዘመድ ካላት ዘመዷ ይናገርላት» አለ ደርበው። «ያረጀና የታመመ ሲሆን እንደዚያ እናደርጋለን። ደንባችን ነው። አለሽ ዘመድ?»

እንደሌላቸው አገር ያውቃል። ከሕዝቡ መሀል አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። ጋሻዬ ራሱ እንኳ መሬት መሬት ያያል።

ወለተ ሐና ጎንበስ ብለው ቅሉን አነሡ።

«ልጅ አለኝ ብል ትሰሙኛላችሁ?»

«ልጅዎ መቼ ተረፈ እማማ?» አሉ ውባንተ።

«ያኛውማ አልተረፈም» አሉና የቅሉን ክዳን ከፈቱ። አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው አወጡና ወደ በቅሎዋ ዞሩ። «አቶ ተክለ ሚካኤል፣ ይመጣሉ?»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ምን እየሆነ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። በአገሩ ደንብ ማር የተቀባ አውራ ጣት የጠባ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል። የጡት ልጅ ደግሞ ከወለዱት ልጅ አይለይም፤ እናቱን ይጦራል፣ ያስታምማል፣ ይቀብራል፣ ተዝካር ያወጣል። ተክለ ሚካኤል በዘመኑ ስንት ውል አፍርሷል፤ ይህን ግን በየት በኩል እንደሚያፈርሱት አያውቅም፤ የሚያውቅም ሰው የለም።

እግሩ ወደፊት መራመድ ጀመረና መሀል ላይ ቆመ። ሃምሳ ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በደርበው ፊት፣ ተንበርክኮ ጣት ሊጠባ ነው? ነገ ላሊበላ ገበያ ላይ ምን ይባላል? አስቻለችስ በስተርጅና አማት መጣችብሽ ስትባል ምን ትላለች?

«ይሄ የጠበቃ ተንኮል ነው!» ብሎ ጮኸ ደርበው። «ለዛሬ ነገር ብሎ ልጅ ሊሆን! ማታ ላሊበላ ሲገባ ይረሳታል!»

ወለተ ሐና ጣታቸውን አላወረዱም። ማሩ በእጃቸው አንጓ እየወረደ ነበር።

«እውነቱን ነው ሰውዬው» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «ለዛሬ ነገር ብለው ከሆነ ይቅርብኝ አቶ ተክለ ሚካኤል። መሬቱም ይሂድ። የወለድኩትን ልጅ አልቅሼ እንኳ አልቀበርኩትም። አሁን ደግሞ የውሸት ልጅ አልፈልግም።»

ተክለ ሚካኤል እሳቸውን አየ። እዚያ ቆመው ያንን ሲናገሩ ከእርሱ የተማሩት አንድም ቃል አልነበረበትም። ዕድሜውን ሁሉ ሲሟገት እንዲህ ያለ ንግግር ከአፉ ወጥቶ እንደማያውቅ ተሰማው። እኚህ ሴትዮ እናቴ ናቸው ቢል የሚያፍርበት ነገር እንደሌለ፣ እንዲያውም የሚኮራበት እንደሆነ ገባው።

ተራመደ። ኮቱን ሰብስቦ ትቢያው ላይ ተንበረከከ፤ እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ አውራ ጣታቸውን ጠባ። ማሩ ከጉሮሮው ሲወርድ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሕዝቡ መሀል የነበሩት ቄስ ሙሉሃብት መስቀላቸውን ይዘው መጡና የሁለቱንም ራስ ባርከው፣

«ሁላችሁም አይታችኋል፤ እኔም ምስክር ነኝ» አሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ወለተ ሐና ሌላውን እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አሳረፉ።

«ተነሥ ልጄ» አሉት፤ አንቱታው በአንድ ጊዜ ቀረ። «ተነሥና ንገራቸው።»

ተክለ ሚካኤል ተነሣ። ጉልበቱን አላራገፈም። ፍርድ ቤት ሲቆም ሁልጊዜ «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬ...» ብሎ ነበር የሚጀምረው። ዛሬ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«እናቴ...» አለ። ቃሉ ራሱን አስደነገጠው፤ ግን ጣፈጠው። «እናቴ መሬቷን በእኩል ብታሳርስ አዋጁ አይከለክላትም። አዋጁ የከለከለው ጉልበት እያለው በሌላ ሰው ላብ የሚበላውን ነው። ያረጀ፣ የታመመ፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌላት ሴት ሊያሳርሱ ይችላሉ ብሎ በግልጽ ፈቅዷል። ጓድ ሰብሳቢም ይህን ሳያነበው አልቀረም። አሁን ጋሻዬን አንድ ሁለት ነገር ልጠይቀው።»

ደርበው ሊከለክል አፉን ከፈተ፤ ውባንተ ግን «ይጠይቅ፣ ልጃቸው ነው» አሉ።

«ጋሻዬ ወንድሜ፣ ዘሩ የማን ነበር?»

«የ... የሳቸው።»

«አውድማ ላይ ምርቱን ስትካፈሉ ግማሹን ለማን ትሰጥ ነበር?»

«ለሳቸው ነዋ!»

«ለምን ሰጠሃቸው? በጎ አድራጊ ሆነህ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ጋሻዬም ሳያስበው ፈገግ አለና፣

«መሬቱ የሳቸው ስለሆነ ነዋ፣ ታዲያ» አለ። ካፉ ከወጣ በኋላ ነው ያለው የገባው። አጎቱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሌላ ጥያቄ የለኝም» አለ ተክለ ሚካኤል። «ይህ ልጅ ክፉ አይደለም። መሬት ቢጠበው ነው፤ ለሱም ማኅበሩ ይፈልግለት። ነገር ግን ልጇን ለአገር ከሰጠች እናት ቀምቶ አይደለም።»

ሦስቱ ዳኞች ራስ ለራስ ገጠሙ። ውባንተና ሌላው ዳኛ አንድ ሆኑ፤ ደርበው ብቻውን ቀረ። ፍርዱን መናገር ግን የሰብሳቢው ድርሻ ነውና ቆመ።

«መሬቱ ለወለተ ሐና ይጽና ተብሏል» አለ፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ኮሶ እየዋጠ። እልልታው ሊነሣ ሲል ግን እጁን አነሣ። «ቆይ፣ አላለቀም! በእኩል የተፈቀደላት ሰው ስላልነበራት ነው። አሁን ግን ልጅ አላት፤ አይታችኋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በእኩል ማሳረስ የለም። ልጇ ይረስ! ሰኔ ሳይወጣ ማሳው ካልታረሰ እንደገና እንገናኛለን።»

አሁን የሳቀው የደርበው ወገን ነበር። ኮት የለበሰ ሰው እርፍ ሲጨብጥ ለማየት ማን ይጠላል! ተክለ ሚካኤል ከልጅነቱ ጀምሮ በሬ ጠምዶ አያውቅም።

ሕዝቡ ጠበቀው። ይግባኝ እንደሚል ሁሉም ያውቃል። እሱም ያውቃል። እንዲህ ያለ ቅድመ ሁኔታ የትኛውም አንቀጽ ላይ የለም፤ ወደ ላይኛው ሸንጎ ቢወስደው ያለ ጥርጥር ይረታል። የይግባኙ ማመልከቻ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አእምሮው ውስጥ ተጽፎ አልቋል።

ወለተ ሐናን አየ። ቅሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። የሚጠብቁት ልጃቸው የሆነ ሰው ምን እንደሚል ነው እንጂ ጠበቃ ምን እንደሚል አይመስልም። ይግባኝ ካለ ነገሩ ክረምቱን ሙሉ ይጎተታል፤ ማሳው ጦም ያድራል።

«ምን ትላለህ ይግባኝ ተክሌ?» አለ ደርበው።

ተክለ ሚካኤል ኮቱን አወለቀ። ቀስ ብሎ፣ አስቻለች እንደምታጥፈው አጠፈና ለወለተ ሐና ሰጣቸው።

«ይቺን ያዥልኝ እማዬ» አለ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ወንዝ ማዶ በሚሰማው ድምፁ ጠየቀ።

«በሬ የሚያውሰኝ ማነው?»

«እኔ አለሁ» አሉ ቄስ ሙሉሃብት።

ጋሻዬ ጥቂት አመነታና ጅራፉን ከትከሻው አውርዶ ወደ ተክለ ሚካኤል ዘረጋለት።

«ከቄሱ በሬዎች የቀኙ ሰነፍ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከጎንህ ሆኜ አሳይሃለሁ» አለው።

ተክለ ሚካኤል ጅራፉን ተቀበለና የሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ ወደ ማሳው ወረደ። ወለተ ሐና ኮቱን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ ቅሉን ይዘው ተከተሉት፤ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ «ልጄ ሊያርስልኝ ነው» እያሉ።