ካሜራው ያላየው እጅ

አንባቢ ሆይ፥ ጠላት ከሩቅ ሲመጣ አጥር ይታጠርበታል፥ ሌባም ቢመጣ ውሻ ይጮኽበታል፤ ነገር ግን በሕፃንነታችን እጃችንን ይዞ ያራመደንን፥ ስንወድቅ አንሥቶ አቧራችንን ያራገፈልንን ሰው በየትኛው አጥር እንከላከለዋለን? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምተን እናልፋለን እንጂ ከፈረሱ አንወርድም።

ይትባረክ የሚባል፥ ገጹ ብሩህ፥ ልሳኑ ርቱዕ ብላቴና ነበረ። በሰባት ዓመቱ አባቱን ሞት ቢነጥቀው፥ የሕፃናትን የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚመራ ጋሽ ንጋቱ የተባለ ሰው እንደ አባት ሆኖ ተቀበለው፤ ዜማና ተረትም አስተምሮ በአገር ሁሉ ዘንድ አስወደደው። ሕፃኑ በመብራቱ ፊት ቃል ሲጠፋበት ጋሽ ንጋቱ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ በምልክት ይመራው ነበር፤ ግንባሩን ቢነካ አንደኛውን ስንኝ፥ አፍንጫውን ቢነካ ሁለተኛውን፥ አገጩን ቢነካ ሦስተኛውን ማለቱ ነው፤ ጣቱን በከንፈሩ ላይ ቢያኖር ግን ዝም በል ማለት ነው። ብላቴናውም እንደ ገባው ለማስታወቅ ያንኑ ምልክት በገዛ ፊቱ ላይ ይደግም ነበር። ምስጢሩን ከሁለቱ በቀር ማንም ስለማያውቀው፥ ለዚያ የሙት ልጅ ከአባት ርስት ይልቅ የከበረ ሆኖ ታየው።

ዘመን አለፈ፤ ብላቴናው ጎልማሳ ሆኖ፥ ጋሽ ንጋቱ በሚያዘጋጀው የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ጠያቂ ሆነ፤ ተመልካቹም «ይትባረክ ካለበት አድልዎ የለም» ይል ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በፍጻሜው ውድድር፥ መኪና የሚያሸልመው የመጨረሻ ጥያቄ ከሦስት አማራጭ መልሶች ጋር ሲቀርብ፥ ተወዳዳሪው ወጣት ዓይኑን ወደ ካሜራው ጀርባ ሰደደ። ይትባረክም ቀና ብሎ ቢያይ፥ ጋሽ ንጋቱ አፍንጫውን ነክቷል። ወይ የለመደ እጅ! ልቡናው ሳያስብ ጣቱ ወደ ገዛ አፍንጫው ወጣ፤ ወጣቱም ወዲያው «ሁለተኛው!» ብሎ መለሰ፥ አሸነፈም።

«ጋሼ፥ ለእኔ ብቻ ያስተማሩኝን ለሌላ ሰጡት?» አለው ይትባረክ፥ ዝግጅቱ እንዳበቃ በመተላለፊያው አግኝቶት።

«የእህቴ ልጅ ነው፤ አንተም ልጄ ነህ። ዝም በል፥ ነገሩን እኔ አበርደዋለሁ።»

ይትባረክ ልቡ ደማ፤ ግን አሁንም አመነውና ዝም አለ። ምን ይባላል እንግዲህ!

ነገሩ ግን አልበረደም። «ጠያቂው አፍንጫውን ነካ!» እያለ አገር ቢጮኽ፥ የጣቢያው አለቆች ሁለቱንም አስጠርተው ምስሉን ተመለከቱ፤ የይትባረክ እጅ ወለል ብሎ ይታያል፥ ከካሜራው ጀርባ የነበረው ግን ከቶ አይታይም። ጋሽ ንጋቱም ዕንባውን በመሐረብ እየጠረገ፥ «ምልክቱን በሕፃንነቱ ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ለማጭበርበሪያ ያውለዋል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብሁም» ብሎ መሰከረበት። አቤት ጭካኔ! አቤት የሰው ነገር! ይትባረክ ስሙን ለማዳን፥ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። አለቆቹ ወደ ምስሉ ዘወር ባሉበት ቅጽበት ጋሽ ንጋቱ መሐረቡን ዝቅ አድርጎ ጣቱን በከንፈሩ ላይ አኖረ፤ የዚያም ጎልማሳ እጅ፥ እንደ ሰባት ዓመቱ ሕፃን፥ ወደ ገዛ ከንፈሩ ወጣ። ስሙም እንጀራውም በዚያው ቀሩ። አሳዳጊው የከዳው ሰው ለመጥፋት ጠላት አያሻውም፤ የገዛ እጁ ይበቃዋል።