ከመጋረጃው ማዶ ያለው ግማሼ

ድሬ ላይ ስለ ኸባብ ብትጠይቁ «አቦ፣ እሱማ የዋህ ልጅ ነው» ይሏችኋል። ይበሏችሁ! እኔ ግን ወላሂ ስሙ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይህን የማወራው ላማው ብዬ አይደለም። ሐሜት ከኋላ ነው፤ እኔ ለራሱ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ዊዳድ እባላለሁ። መጋላ ሰፈር ነው ያደግኩት፣ ጊታር እጫወታለሁ። ድሮ ጊታሬን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሰፈሩ ሁሉ አንገቱን ያዞር ነበር፤ አሁን ለምደውኝ ባጃጅ ነጂዎቹ ራሳቸው «ዊዱ፣ ሰርጉ ዛሬ የት ነው?» ይሉኛል። ግን የምጠራው ለሴቶች ብቻ ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ በሚቀመጥበት ሰርግ በሴቶቹ በኩል የምትጫወት ሴት ትፈለጋለች፣ እኔ እሄዳለሁ። ምኞቴ ግን ሌላ ነበር። ባንድ ውስጥ ገብቼ፣ መድረክ ላይ ቆሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት መጫወት ነበር የምፈልገው።

ኸባብ የድምፅ ባለሙያ ነው። በከተማው ሰርግ ስፒከር የሚተክለው፣ ድምፅ የሚመጠንበት ሚክሰር ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። ጊታርም ይነካካል። ይነካካል ነው ያልኩት፣ ይጫወታል አልወጣኝም! ከኢድ በኋላ እቤት ሽማግሌ ሊልክ ተነጋግረን ነበር። እወደው ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ ቀን አማረርኩበት። «ጊታሬ ቤት ውስጥ ሲሰማ ደስ ይላል፤ ሰርግ ላይ ግን ኪቦርዱ ይውጠዋል» አልኩት። «ድምፁን አትጨምሪው፣ አስፊው» አለኝ። ሁለት አምፕሊፋየር አመጣ፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ። የኔን በግራ፣ የሱን በቀኝ አራርቆ አስቀመጠና ከጊታሬ የሚወጣውን ድምፅ እግር ሥር በምትቀመጥ ፔዳል ለሁለት ከፈለው። ወደ ግራው እንዳለ ይሄዳል። ወደ ቀኙ የሚሄደው ግን በጣም ትንሽ ይዘገያል፣ ዓይን ጨፈን እስኪል እንኳ አይሞላም። ከዚያ «በይ ምቺው» አለኝ። ሱብሃነላህ! ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ብቻ ቤቱን ሞልቶታል። አንዲት ጊታር ናት፣ ግን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነበረች።

እንዲህ በቀላሉ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መዘግየቱን ስናበዛው ሁለት ጊታሮች የሚሯሯጡ ይመስላል፣ ስናፈጥነው ደግሞ ተመልሶ መሀል ላይ ቀጥኖ ይቀመጣል። የቀኙን ቃና ትንሽ አወፍረን፣ የግራውን ትንሽ አቅጥነን፣ ከዚራ ሰፈር እሱ ዕቃ የሚያስቀምጥባት ክፍል ውስጥ በዚያ ሙቀት ስንት ከሰዓት አሳለፍን መሰላችሁ። እኔ ስጫወት እሱ ጣቶቼን እያየ ይቀመጣል። «ግራው አንቺ፣ ቀኙ እኔ» ይለኝ ነበር። «አንዳችን ከጎደልን ስፋት የለም።» እኔ ሞኟ ደግሞ ቀለጥኩላችሁ።

በዚያ ሰሞን ዘፋኙ ዓለምሰገድ ጊታሪስቱ ትቶት ሌላ ይፈልግ ነበር። የዓለምሰገድ ባንድ ማለት ድሬ ላይ ተጫውቶ ጅቡቲ ድረስ የሚጠራ ባንድ ነው። ኸባብ እየሮጠ መጣና «ስላንቺ ነገርኩት!» አለኝ። «ከዚራ አዳራሽ ውስጥ ሰርግ አለ። እሱ በወንዶቹ በኩል ይዘፍናል፣ አንቺ በሴቶቹ በኩል ትጫወቻለሽ። ከወደደሽ ቦታው ያንቺ ነው።» የዚያን ቀን እስከ ማታ ጊታሬን ከእጄ አላወረድኩም።

በሰርጉ ቀን አዳራሹ መሀል ለመሀል በወፍራም መጋረጃ ተከፍሏል። ወዲያ ወንዶቹና ባንዱ፣ ወዲህ ሴቶቹና እኔ። ኸባብ የግራውን አምፕሊፋየር አጠገቤ አስቀመጠና የቀኙን አንስቶ ወደ መጋረጃው ሄደ።

«የት ትወስደዋለህ?»

«ወዲያ ነዋ። ዓለምሰገድ በምን ይስማሽ?»

«ታዲያ ለሁለት ከተከፈለ ስፋቱን ማን ይሰማዋል? ሴቶቹ ግማሽ፣ ወንዶቹ ግማሽ?»

«ጨርቅ ነው እንጂ ግንብ ነው እንዴ? አብሽሪ። ዛሬ ስፋትሽ አዳራሹን ሙሉ ነው!» ብሎ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ጎርፍ ሲመጣ እያየሁ ያደግኩ የድሬ ልጅ ይሄ እንዴት ይጠፋኛል? ጠፋኝ። ረጅሙን ኬብል በመጋረጃው ሥር አሳልፎ ሄደ።

ከሰዓቱ ሞቀ። ዓለምሰገድ ወዲያ ይዘፍናል፣ እኔ ወዲህ እከተለዋለሁ፣ ሴቶቹ እልልታውን ያቀልጡታል። ከመጋረጃው ማዶ የራሴ ጊታር ይመጣልኛል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ወፈር ብሎ። ዜማውን ባስጌጥኩት ቁጥር ወንዶቹ ያፏጫሉ። «አለቀ፣ ገብቻለሁ!» አልኩ በሆዴ።

ያኔ ዓለምሰገድ በማይኩ «ጊታር! ኸባብ!» አለ።

ድምፄን ከፍ እንዲያደርገው ነው የሚጠራው ብዬ አሰብኩ። ሚክሰሩ ላይ ያለው እሱ አይደል? እንዲያውም ደስ አለኝና አብዝቼ መታሁት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እጅህን ይባርከው፣ ኸባብ!» ሲል ሰማሁ። ይሄኛው ግራ አጋባኝ።

አክስቴ ቱሪያ የምግቡ ኃላፊ ስለነበረች ወዲያና ወዲህ የምትመላለሰው እሷ ነበረች። ባዶ ትሪ ይዛ ተመለሰችና ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች።

«ሽማግሌ ሊልክልሽ ያለው ልጅ ጊታር እንዲህ ይችል ነበር እንዴ? ወንዶቹን አሳበዳቸው እኮ!»

«የቱ ልጅ?»

«ኸባብ ነዋ!»

«ኸባብ ሚክሰሩ ላይ ነው፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ዓይኔ ታወረ?» አለችና የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ አደረገችልኝ።

አየሁት። ነጭ ጊታሩን አንግቶ፣ ቀኙ አምፕሊፋየር ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ይወዘውዛል። ከጊታሩ የወረደው ኬብል ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ወለል ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ የትም አልተሰካም። የተሰካው የኔ ነው። ጣቶቹ ግን የኔ ጣቶች የሚሄዱበት ይሄዳሉ። ያን ሁሉ ከሰዓት እያየኝ የተቀመጠው ለካ ፍቅር ይዞት አልነበረም!

የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እጄ አላቆመም። እንባዬ ጉንጬ ላይ እየወረደ፣ እጄ መጫወቱን ቀጠለ። አንድ ዙር ሙሉ ለሱ ተጫወትኩለት፤ ዓለምሰገድ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ ሲያሞግሰው እያየሁ።

«ዊዱ» አለች ቱሪያ ፊቴን አይታ። «ምንድነው?»

ጣቶቼን ወደ ቀጫጭኖቹ ድምፆች አወጣሁ፣ ወንዶቹ በፉጨት አዳራሹን አናወጡት፣ ኸባብም ወደኋላ ለጠጥ ብሎ ጊታሩን ወደ ጣሪያ አነሳ። እኔ መዳፌን ክሮቹ ላይ ጫንኩ።

ጭጭ። ኪቦርዱ ብቻ ቀረ። ኸባብ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው፣ ጣቶቹ ገና ይሮጣሉ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ወንዶቹ በሙሉ። ዓይኑን ሲገልጥ ዓለምሰገድ መሬት ላይ የተጠቀለለውን ኬብሉን እያየ ነበር። ከዚያ የኔን ኬብል በዓይኑ እየተከተለ እስከ መጋረጃው መጣና ገለጠው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ ሁሉ?»

«ሁሉም።»

«ዊዳድ ጊታር ትታለች ተብዬ!» አለ ግራ እንደገባው። «ልታገባ ነው፣ ባሏ መድረክ አይፈቅድም ተባልኩ።»

ቱሪያ ትሪዋን እንደያዘች ፊቱ ቆመች። «ባሏ ማነው?»

ዓለምሰገድ ዞሮ ኸባብን አየው። ቱሪያም አየችው፣ እኔም አየሁት። በቃ፣ ሌላ መልስ አልፈለግኩም።

«ለሁለታችን ብዬ ነው፣ ዊዱ» አለ ኸባብ እየተጠጋ። «ሴት ልጅ ጅቡቲ ድረስ ማን ይወስዳል? እኔ ብገባ ያው ያንቺም አይደል? ስንጋባ ያልሽውን እጫወታለሁ፣ አንቺ ታሳዪኛለሽ። ግራው አንቺ፣ ቀኙ…»

«ዝም በል!» አልኩት። «ግራውም እኔ ነኝ፣ ቀኙም እኔ ነኝ። አንተ ኬብል ነህ፣ ያውም ያልተሰካ!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ቱሪያ ሂጃቤን አስተካክላልኝ በኋላ በር ይዛኝ ወጣች፣ ባጃጅ ውስጥ ስንቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ዓለምሰገድ ባንዱ ውስጥ አስገባኝ። ኸባብ ይቅርታ ይሆነኛል ብሎ ያን አምፕሊፋየሩን በባጃጅ ላከልኝ፣ በዚያው ባጃጅ መለስኩለት። ሽማግሌ እንዳይልክም ቱሪያ ቁርጡን አስነገረችው።

በመጀመሪያው ልምምዳችን ቀን ዓለምሰገድ ሁለተኛ አምፕሊፋየር አምጥቶ ጠበቀኝ። ስለ ሰፊው ድምፅ ነግሬው ስለነበር ሊሰማው ቸኩሏል። አንዱን ከጎኔ አስቀምጦ ሌላውን አቅፎ ወደ መድረኩ ቀኝ ጫፍ መሄድ ጀመረ።

«የት ትወስደዋለህ?»

«ወደ ቀኝ ነዋ!»

«መልሰው። እዚህ፣ ከግራው አጠገብ አድርገው። ፊት ለፊቴ።»

«እንዴ ዊዳድ፣ ከተጠጉማ ስፋቱ ይጠፋል አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ» አልኩት። «ይጥፋ። የማየው ቦታ ይሁን።»