ውሃ ያስፈራት ብሮንቲ

ብሮንቲ የጌም ኮምፒውተሯን ዕቃዎች ስትመርጥ እንቅልፍ አጣች። የምትኖርበት የዳርዊን ከተማ ሙቀት አይጣል ነው፤ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ውዱ ፕሮሰሰር ቢግልብኝስ ብላ ሰጋች። ዕቃ ሻጩ ጓደኛዋ ጃሮድ፣ "በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ማቀዝቀዣ ውሰጂ" አላት።

"ውሃ ከኤሌክትሪክ ጋር? ቢያፈስስ?"

"አዞ ካለበት ወንዝ ዓሣ እያጠመድሽ ይቺን ጠብታ ትፈሪያለሽ?" ብሎ ሳቀባት።

አልሰማችውም፤ ትልቁን ማራገቢያ መረጠች። ቤቷ ስትገጥመው ግን ቁመቱ በለጠና የኬዙ፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ የመስታወት ክዳን አልዘጋ አላት። ጃሮድን ጠራችው።

"ሳትለኪ ነው እንዴ የገዛሽው? በይ ክዳኑን ተይውና አብሪው።"

ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ፤ ስክሪኑ በራ። ወዲያው አብረው መጫወት ጀመሩ፤ የብሮንቲ ዓይን ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ካለው የሙቀት መለኪያ አልነቀል አለ።

"ኧረ ጨዋታውን እዪ!" ጮኸ ጃሮድ። "ሞትን እኮ!"